በበሩ ያልወጣው ጣራ

ግድግዳ ከነቁመቱ ከቦታው ሲወጣ አይቻለሁ። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አናጢ ሆኜ አርጅቻለሁ፤ ያቆምኩትም ያፈረስኩትም ግድግዳ ብዙ ነው። ያን የመሰለ ግን ደግሜ አላየሁም።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ከፒያሳ ጥቂት ራቅ ካሉ መንገዱ ያልቅና ሣር ይጀምራል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ጫልቱ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ እየበለተች በመሸጥ ታሳድገናለች። ፀሐዩም ዝናቡም አናቷ ላይ ነው የሚወርደው። ታላቅ ወንድሜ ደበሌ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ደርሶ የእንጨት ሥራ ይማር ነበር። በዚያ ዘመን ተማሪው ጠዋት ቀለም ይቆጥርና ከሰዓት ወርክሾፕ ይገባል፤ ከፊሉ ብረት፣ ከፊሉ እንጨት።

እኔን ከሰዓት ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ደበሌ ይዞኝ ይሄዳል። ሥራም ተሰጥቶኛል፤ የተጣመመ ምስማር ድንጋይ ላይ እያስተኛሁ አቀናለሁ። አዲስ ምስማር የሚወጣው ለቁም ነገር ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናብ ሊገባ ሲል የአባቴ ታናሽ ወንድም ከደጋው አገራችን መጣ። ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። የቀረበለትን ዓሣ አልነካም፤ ደጋ ላይ ዓሣ አይበሉም።

"እትዬ ጫልቱ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ?" አለ። "መሬት አለ። ከብት አለ። ቤቱ ባዶ ነው። ዝናቡ ሳይበረታ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።"

"ደበሌ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው" አለች እናቴ።

"ጨርሶስ?"

"ሥራ ይይዛል። ቤቱን እሱ ይይዘዋል።"

"ከያዘ እሰየው፤ እኔም አፌን እይዛለሁ። እንጨት ልጦ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።"

እናቴ ቢላዋን አንሥታ ድንጋይ ላይ መሳል ጀመረች። ቢላው ስለታም ነበር፤ መሳል አያስፈልገውም ነበር። እኔ ደስ ብሎኛል። አጎቴ ፈረስ ላይ እንደሚያስቀምጠኝ ነግሮኛል። እናቴ ምን እንዳስከፋት ሊገባኝ አልቻለም።

በወገኖቼ ዘንድ ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ይወርሳት እንደነበር ያወቅሁት አድጌ ነው። አጎቴ "እወስዳችኋለሁ" ሲል ሚስት አድርጎ ሊወስዳት ማለቱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወጉን ነው የተናገረው። እናቴ አልፈለገችም። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ግን ነውር ነው። ነውር የማይሆነው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ የሚያስተዳድረኝ ልጅ አለኝ ማለት።

የእንጨት ሥራ መምህሩ ወልደአማኑኤል ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከከንባታ የመጡ፣ ሙያውን ከሚሲዮኖች የተማሩ ሰው ናቸው። ሲስቁ አላየሁም። ሲቆጡም አላየሁም። ጣውላ በመጣ ቁጥር አንዱን ከሌላው እየለዩ ያነሡና ጉንጫቸው ላይ ይለጥፉታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ "ይሄ ይቆይ" ወይም "ይሄ ይቆረጥ" ይላሉ።

እንጨቱ የሚነግራቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ጆሮዬን ጣውላ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ምንም አላለኝም። ለትልቅ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው ብዬ ተውኩት።

ጉንጭ እርጥበት ያውቃል። ያልደረቀ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ዓይኔን የምጨፍነው ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አቶ ደምሴ የሚባሉ ኮንትራክተር ነበሩ። አሞራ ገደል ላይ ለዓሣ ሻጮች መጠለያ ሊሠሩ ቋሚዎቹን ተክለዋል። ጣራውን ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሰጡ። ወርክሾፕ ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ እንዲህ አሉ፦

"ለቅዳሜ ገበያ ጣራው ቋሚው ላይ ከተቀመጠ ሁላችሁንም ፒያሳ ለምሠራው ሆቴል አናጢ አድርጌ እወስዳለሁ። ካልተቀመጠ ሰዎቼን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። እናንተም ለእናቶቻችሁ በርጩማ ሥሩ።"

ልጆቹ ሳቁ። ደበሌ አልሳቀም። አጎቴ እመጣለሁ ብሎ የላከው ለዚያው ቅዳሜ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ዝናብ ስለጀመረ ደጅ መሥራት አልተቻለም። መምህር ወልደአማኑኤል ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ሦስት ማዕዘን አሠመሩ። ተማሪዎቹ እንጨቱን መሥመሩ ላይ እያስተኙ ቆረጡ፣ ገጠሙ፣ መቱ። ካፕሪያታ ይባላል፤ ጣራ የሚሸከመው ባለሦስት ማዕዘን እንጨት ነው። አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው በዚያው ሥዕል ላይ ይሠራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ቁርጥ አንድ ይሆናል። እኔ ይህን ሳይ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። መሬት ላይ ካለ ሥዕል ውስጥ እንጨት የሚበቅል ነበር የሚመስለኝ።

እንግዲህ ደንቡ ካፕሪያታዎቹን በየተራ አስተኝቶ በበሩ ማውጣት፣ ሐይቁ ዳር ወስዶ ቋሚው ላይ ማቆም፣ ከዚያ ማገሩን እዚያው መምታት ነው። ይህን ማንም አናጢ ያውቃል። እነዚህ ልጆች ግን ሁሉም የገጠር ልጆች ናቸው፤ ሲዳማ አለ፣ ወላይታ አለ፣ አርሲ አለ። ባደጉበት አገር የጎጆ ጣራ መሬት ላይ ተሠርቶ ያልቅና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተሸክሞ፣ ያስቀምጠዋል። ጣራ ማለት ለእነሱ ሙሉ ነገር ነው፤ ቁርጥራጭ ጣራ አያውቁም። ካፕሪያታዎቹ ሲያልቁ ማንም ሳያዛቸው እዚያው አቆሟቸውና በማገር ያያይዟቸው ጀመር።

መምህሩ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ያያሉ።

"መምህር፣ ማገሩ በምን ያህል ይራራቅ?" አለ ደበሌ።

መጥተው በእርሳስ ምልክት አደረጉለት። ተመልሰው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ ሥራው አስደስቷቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ጣራው አለቀ። ወርክሾፑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላው። ደበሌ በአዲስ ምስማር ነበር የመታው፤ አንዱም አልተጣመመም። እኔ ከሥሩ ገብቼ ቀና አልኩ። የእንጨት አጥንት በላዬ ተደርድሯል። በሰንበት ትምህርት ቤት የነገሩን ዮናስ የገባበት የዓሣ ሆድ ይሄ ነው አልኩ። 

ከደበሌ ጓደኞች ኢያኤል የሚባል የወላይታ ልጅ ነበር፤ ቀልደኛ ነው። እጁን አጨብጭቦ "በሉ እንግዲህ እናውጣው!" አለና ወደ በሩ ዞረ። ቆመ። በሩን አየ። ጣራውን አየ። እንደገና በሩን አየ።

"ደበሌ" አለ።

"አቤት።"

"ይሄ ጣራ ሲገባ በየት ነው የገባው?"

"መቼ ገባ? እዚሁ አይደል የተወለደው።"

"እንግዲያው የሚሞተውም እዚሁ ነው።"

ሳቁ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አንዱ ሜትር ይዞ ወደ በሩ ሮጠ፤ መለካት የማያስፈልገውን ነገር ለካ። ሌላው "እንፍታው" አለ።

"በምን ይፈታል?" አለ ደበሌ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። "ምስማሩ ሲነቀል እንጨቱ ይሰነጠቃል። ትርፍ እንጨት የለም።"

ወለሉ ላይ፣ ጠመኔው ላይ፣ ቁጭ አለ። ሱሪው ነጭ ሆነ። ወንድሜ እንዲያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ደምሴ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። ብርሃኑ የሚባል ወጣት ፎርማናቸው ተከትሏቸዋል። ጣራውን ዞረው ዞረው አዩ። በሩ ጋ ሄደው በክንዳቸው ስፋቱን ሞከሩ።

"ምንድን ነው ይሄ? መርከብ ነው? ውኃው እስኪመጣ ነው የምትጠብቁት?" አሉ። "ኖኅ እንኳ እኮ ደጅ ነው የሠራው!"

ማንም አልሳቀም። ፎርማኑ ብርሃኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኛ ሲል የሚያለቅስ መሰለኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በብርሃኑ ሥር ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ያን ጊዜ ለምን አለቀስክ?" ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና "እኔ? በሳቅ ልሞት ነበር እንጂ" አለኝ። ለምን እንዳሳቀው ግን አልነገረኝም። ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው።

መምህር ወልደአማኑኤል ገቡ።

"መምህር፣ ይሄን ማን ፈቀደ?" አሉ አቶ ደምሴ።

"ቆሜ የማየው እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ?"

"ነገ ጠዋት ጣራው ሐይቁ ዳር ይደርሳል።"

"በየት በኩል ወጥቶ?"

መምህሩ በጣታቸው የኋላውን ግድግዳ አሳዩ። በር የለበትም፤ መስኮት የለበትም። በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ድፍን ግድግዳ ነው።

"በዚህ በኩል" አሉ።

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ። "የመንግሥት ቤት ሊያፈርሱ ነው? እኔ የለሁበትም!" እያሉ ወጡ። ብርሃኑ ሲወጣ አንዴ ዞሮ መምህሩን አያቸው። መምህሩ አላዩትም፤ ወይም አላየሁም አሉ።

በዚያ ቀን ደበሌ እህል አልቀመሰም። እናቴ ጸሎት ቤት ሄዳ ቆየች። እኔ ግድግዳውን አስብ ነበር። ሰው እንዴት በግድግዳ በኩል ይወጣል?

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባራ። መምህሩ ቀድመውን መጥተዋል። በእጃቸው የእንጨት መዶሻና መሮ ብቻ ነው። ዶማ የለም። ድጅኖ የለም። የግድግዳውን ጥግ በመሮ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ኖራው ረገፈ። ጆሯቸውን አስጠግተው በመዶሻው እጀታ አንኳኩ። ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ፤ እንደዚያው አደረጉ። ልጆቹን ከውጭም ከውስጥም የእንጨት ድጋፍ አስይዘው አሰለፏቸው።

"ግፉ ስል ትገፋላችሁ" አሉ። "የውጪዎቹ ትቀበላላችሁ። ማንም እንዳይቸኩል።"

መቱ። ከላይ መቱ፤ ከታች መቱ። ከዚያ በሌላው በኩል ደገሙ። ድምፁ ደረቅ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቅዬ ቤቱ የሚወድቅበትን ጊዜ እጠብቃለሁ።

"ግፉ" አሉ።

ግድግዳው አቃሰተ። አናቱ ላይ ቀጭን ብርሃን ታየ። እየሰፋ መጣ። ያ ሁሉ ግድግዳ፣ ከነጭቃው፣ ከነኖራው፣ ሳይሰነጠቅ፣ እንደ ታመመ ሰው በእጃቸው ላይ ጋደም አለና ሣሩ ላይ ተኛ። ፀሐይ ወርክሾፑ ውስጥ ገባች። አቧራው ወርቅ መሰለ። ከላይ አንዲት ጭራሮ አልወደቀችም።

 ኢያሪኮ በጩኸት ወድቃለች ብለውናል፤ እኒህ ሰው ግን ሳይጮኹ ነው ያደረጉት። ግድግዳው ሰምቷቸው የወጣ ነበር የመሰለኝ። ብዙ ዘመን እንደዚያ አምኜ ኖሬያለሁ።

ትምህርት ቤቱ ያን ወርክሾፕ አንሥቶ በብሎኬት ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የኋላው ግድግዳ ከጎኖቹ ጋር በምስማር አልተያያዘም። ግራና ቀኝ በተቦረቦረ ቋሚ መካከል ገብቶ፣ በጠንካራ ሽብልቅ ተወጥሮ የቆመ ነበር። ሽብልቁን የመታ ግድግዳውን ያወጣዋል። ከበላዩ የተጋደመው የዝግባ እንጨት ደግሞ ለዚያ ቤት ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ነው፤ ግድግዳው ቢኖርም ባይኖርም ጣሪያውን ይይዛል። ቤቱ ሲሠራ ታስቦበት ነው። እኒያ ሰው ወርክሾፑን ሲያቆሙ የሚወጣ ግድግዳ አድርገው ነው ያቆሙት። ይህን ሳውቅ የልጅነት መደነቄ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም፤ መሮዬን አስቀምጬ የተቦረቦረውን ቋሚ በእጄ ዳሰስኩ።

ጣራው ወጣ። ተማሪው ሁሉ ከሥሩ ገባ። መምህሩ እንደየቁመቱ ደለደሉት። እኔን ጠሩኝ።

"ሮቢ፣ አንተ መካከል ግባ። ተሸካሚ እግሩን አያይም። ጉድጓድ ስታይ ጩህ።"

"እሺ መምህር።"

እንደዚያ ነው የሐዋሳን መንገድ በጣራ ሥር የሄድኩት። ሰማዩ በማገሩ መካከል እየተቆራረጠ ያልፋል። ዙሪያዬን እግር ብቻ ነው። "ጉድጓድ! በግራ!" እላለሁ፤ እግሮቹ ሁሉ ይሰማሉ። ያ ሁሉ ቤት በእኔ ድምፅ ይዞራል።

ፒያሳ ስንደርስ ሰው ከየሱቁ ወጣ። በአገራችን ጣራ ተሸክመው ሲሄዱ ያየ ወንድ ቆሞ አይመለከትም፤ የማን ነው ብሎም አይጠይቅም። ይገባል። የሱቅ ነጋዴ ገባ። ክራቫት ያሰረ የቢሮ ሰው ቦርሳውን ለሊስትሮ አስይዞ ገባ። ጺሙን ሊላጭ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ከነሳሙናው እየሮጠ መጣ፤ አንዱ ጉንጩ የተላጨ፣ ሌላው ነጭ ነው።

"ጋሼ፣ ሳሙናው እንዳይገባብኝ!" ይላል ከጎኑ ያለው ኢያኤል።

"አንተ ጣራህን ያዝ! ላብህ ነው እሱ!"

ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቁልቁለት ሲጀምር አንድ ሰው ከመኪና ወርዶ መንገድ ዳር ሲቆም በእግሮቹ መካከል አየሁ። ጋቢ ለብሷል። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ የቆዳ ገመድ አለ፤ ጭነት መጫኛ ነው። አጎቴ ነው። ዕቃችንን ሊያስርበት ነው ያመጣው። ጣራውን አየ። ስንቁን መሬት ላይ አኖረ። ጋቢውን አሸርጦ ገባ። የገባው ከደበሌ ጎን ነው። ሁለቱም ጎንበስ ብለዋል፤ አልተያዩም።

"አጎቴ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከፊቱ ግን ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ነበር።

"ጉድጓድ! በቀኝ!" አልኩ።

አጎቴ እግሩን አነሣ።

አሞራ ገደል ስንደርስ ዓሣ ሻጮቹ ቢላቸውን ይዘው ቆሙ። እናቴን አየኋት፤ እጇ ቅርፊት በቅርፊት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች እንኳ ክንፋቸውን ዘርግተው ቦታ ለቀቁ። አቶ ደምሴ ከብርሃኑ ጋር ቆመዋል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ቀልድ አልመጣላቸውም።

ጣራውን ከመሬት ወደ ቋሚው ማውጣት ቀረ። ሁለት ረጃጅም ግንዶች ቋሚው ላይ በግድም አስደገፉ። ከታች በባላ እየገፉ ከላይ በገመድ ሊስቡት ነው። ስበው ግማሽ እንዳደረሱት የትምህርት ቤቱ ገመድ ተበጠሰ። ጣራው ተንሸራተተ። ሴቶቹ ጮኹ። ልጆቹ በትከሻቸው ደግፈው አቆሙት።

"ገመድ!" አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይኸው!" አለ አጎቴ።

ደበሌ ድምፁን ሰምቶ ዞረ። "አጎቴ?"

"ምን ታየኛለህ? ያዝ እንጂ!"

የቆዳው ገመድ ታሰረ። ነጋዴው፣ ክራቫታሙ፣ ባለሳሙናው፣ አጎቴ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ተሰልፈው ሳቡ። ጣራው በግንዱ ላይ እየተንሸራተተ ወጣ። ሐይቁ ላይ ጥላው ታየ። ቋሚዎቹ ጫፍ ላይ ለእሱ የተቆረጠ ጥርስ አለ። ሁሉም ጥርስ በአንድ ጊዜ ነው የነከሰው። ጧ! አለ። ከዚያ ዝም።

መምህሩ ቱንቢያቸውን ይዘው ከቋሚ ቋሚ ሄዱ። የመጨረሻው ጋ ሲደርሱ ቱንቢውን ጠቀለሉት።

"ተቀምጧል" አሉ። 

አቶ ደምሴ አንዱን ቋሚ በመዳፋቸው መቱት። ቀና ብለው ማገሩን አዩ። ደበሌ ከፊታቸው ቆሟል።

"ሰኞ ጠዋት ሁላችሁም ሆቴሉ ጋ" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። "ግን ስሙኝ፣ እኔ ዘንድ የምትሠሩትን ሁሉ ደጅ ነው የምትሠሩት!"

ያኔ ነው ሳቁ የፈነዳው። ኢያኤል ደበሌን ተሸክሞ ሐይቁ ውስጥ ጣለው።

ሰው ሲበተን መምህሩ ተማሪዎቻቸውን ወደ አንድ ጥግ ጠሩ። እኔም በእግራቸው መካከል ቆምኩ።

"ስለ ግድግዳው" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች አትንገሩ።"

"እሺ መምህር" አሉ ሁሉም።

አዘንኩላቸው። ያን ያህል ትልቅ ሰው ስሕተታቸው እንዲደበቅላቸው ለመኑ ብዬ አሰብኩ። ጣራው ከበሩ እንደሚሰፋ አስቀድመው አለማየታቸው አሳፍሯቸዋል ብዬ አሰብኩ። ምስጢራቸውን ጠበቅሁላቸው። ሰው የእሳቸውን ስም ሲያነሣ ወሬ እቀይር ነበር።

ወርክሾፑን ሳፈርስ ሽብልቆቹን የሸፈነውን ምርጊት በመሮ ፋቅሁት። ጭቃ፣ ኖራ፣ እንደገና ጭቃ፣ እንደገና ኖራ። ተደራርቦ ተደራርቦ ነበር። ግድግዳው ከእኛ በፊትም ወጥቷል፤ ከእኛም በኋላ ወጥቷል። ፎርማኑ ብርሃኑም ተማሪያቸው ሳለ በዚያ በኩል ነው ያለፈው። በየጊዜው የመጡት የገጠር ልጆች ሁሉ ሙሉ ጣራ ወርክሾፕ ውስጥ አቁመዋል፤ እሳቸውም መስኮቱ ጋ ቆመው ዝም ብለዋል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግድግዳውን መልሰው፣ መርገው፣ ኖራ ቀብተው ለሚመጡት አዘጋጅተዋል። ሁሉም ምስጢሩን ጠብቀዋል። ሁሉም እሱ ብቻ የተሳሳተ መስሎት ነው ያደገው።

ይህን ለደበሌ ስነግረው አርጅቶ ነበር። ብዙ ሕንፃ አቁሟል። ሳቀ፤ ሳቀና ዓይኑን ጠረገ። "እኛ የመጀመሪያዎቹ መስሎን!" አለ። ደበሌ ሥራ ሲጀምር፣ መጋዝ ከማንሣቱ በፊት፣ ሁልጊዜ በሩን ይለካ ነበር። የሚሠራው ቁም ሳጥን ቢሆን፣ የኮንክሪት ፎርም ቢሆን፣ መጀመሪያ መውጫውን ይለካል። የልጄ ልጅ ሐዳሳ ዛሬ በዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ እየተማረች የእንጨት ሥራ ትሠለጥናለች። የወርክሾፓቸው በር የጭነት መኪና ያስገባል። ጥሩ በር ነው። ምንም አላልኳትም።

ያን ቅዳሜ እናቴና አጎቴ አዲሱ ጣራ ሥር ቆሙ። ቆርቆሮው ገና አልተመታም፤ ፀሐዩ በማገሩ መካከል እየገባ መሬቱን ሸንትሮታል። አጎቴ አንጋጦ ያያል። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

"ይሄን ደበሌ ነው የሠራው?" አለ።

"ከጓደኞቹ ጋር" አለች እናቴ።

"ሥራስ?"

"ሰኞ ይገባል።"

አጎቴ ቋሚውን በእጁ ዳሰሰ።  በመጨረሻ ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ጭነት ልጭን መጥቼ ጣራ ተሸከምኩ" አለ።

እናቴ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

"እንግዲህ ልሂድ፣ እትዬ። መኪናው ሳያመልጠኝ።"

"ገመድህስ?" አለች እናቴ። ገመዱ ገና ከጣራው ጋር እንደታሰረ ነው።

ደበሌ ውኃው እየተንጠባጠበበት ሊፈታ ቋሚውን መውጣት ጀመረ።

"ተወው" አለው አጎቴ። "ሐይቅ ዳር ነው፤ ነፋስ አለው። ቆርቆሮው እስኪመታ ይያዝበት።"

ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። ስንቁን ካኖረበት አንሥቶ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ወጣ። ትከሻው ባዶ ነበር። ዞሮ አላየንም። እኔ ጥሎን ሄደ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴም ታለቅስ ነበር። በአንድ ነገር የምናለቅስ መስሎኝ እጇን ያዝኩ።